ክፍት የአቻ ግምገማ ከሐዋሳ፦ ፕሪፕሪንት ከመምረጥ እስከ ግምገማ መለጠፍ

ላብ ውስጥ ባክቴሪያ ላይ የመድኃኒት ዲስክ እያስቀመጠ፣ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያው ያላደገበትን ዞን እየለካ፣ ፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዣ) እያስኬደ የሚውል ሰው የሌላውን ጥናት በአደባባይ መገምገም ይችላል። ይህን ስናገር የሚመለስልኝ መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «እኔ ማን ነኝና?» ግምገማ የፕሮፌሰሮች፣ ያውም የውጭ አገር ፕሮፌሰሮች ሥራ ይመስለናል። ግን ስንቱ ትልቅ ገምጋሚ ፒፔት ከጨበጠ ቆይቷል። እናንተ ትናንት ጨብጣችኋል። ባክቴሪያ የሚያድግበት ሚዲያ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኢንኩቤተሩ ምን እንደሚሆን፣ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ ላይ፣ ዓሣ እንዴት እንደሚታረድ ታውቃላችሁ። ይህ እውቀት ግምገማ ላይ ዋጋ አለው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከእናንተ በስተቀር ማንም የለውም።

ይህ መመሪያ ሐዋሳ ላሉ የማስተርስ ተማሪዎች፣ የላብ ባለሙያዎችና ጀማሪ መምህራን ነው። ሌላ ከተማ ያለም ሰው ይጠቀምበት።

ነገሩ ምንድን ነው?

የተለመደው መንገድ ይታወቃል። ተመራማሪው ጽሑፉን ለጆርናል ይልካል። ኤዲተሩ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ያስተላልፋል። ሰዎቹ ስማቸው ሳይገለጥ አስተያየት ይሰጣሉ፣ ወራት ያልፋሉ፣ ከዚያ ጽሑፉ ይወጣል ወይም ይወድቃል። የተባለውን ሁሉ አንባቢ አያየውም። ክፍት ግምገማ ግን አስተያየቱን ራሱን ያወጣዋል። ብዙ ጊዜም የገምጋሚው ስም አብሮት አለ።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢምቦ ጆርናል የግምገማ ሰነዶችን ከጽሑፉ ጋር ማውጣት የጀመረው በ2009 ነው። ኤፍ1000ሪሰርች ላይ ገምጋሚው በስሙ ይፈርማል። ኢላይፍ በ2023 «ተቀብለናል» እና «አልተቀበልንም» ማለቱን ትቶ ግምገማውን ከጽሑፉ ጋር ማተም ጀመረ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ የምንነጋገርበት ግን ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ነው፦ ፕሪፕሪንት መገምገም። ፕሪፕሪንት ማለት ገና ጆርናል ላይ ያልወጣ፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ለሕዝብ የለጠፉት ጽሑፍ ነው። በባዮሎጂ ትልቁ ቦታ ባዮአርካይቭ ነው፣ ከኅዳር 2013 ጀምሮ ይሠራል። ሕክምና ነክ ከሆነ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ሜድአርካይቭ አለ። እዚያ ሲለጠፍ ጽሑፉ ሳይንስ መሆኑንና ከሌላ ያልተቀዳ መሆኑን ያያሉ። ትክክል መሆኑን ግን ማንም አልመረመረም። የእናንተ ሥራ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ክፍት ግምገማ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት የአርሴኒኩን ባክቴሪያ ታሪክ ማወቅ ይበቃል። በታኅሣሥ 2010 ሳይንስ የተባለው ጆርናል ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለው ሞኖ ሐይቅ የተገኘ ጂኤፍኤጄ-1 የተባለ ባክቴሪያ በፎስፈረስ ፋንታ አርሴኒክን ዲኤንኤው ውስጥ ያስገባል የሚል ነው። ናሳ መግለጫ ሰጠ፣ ዓለም ጉድ አለ። የተዘጋውን ግምገማ አልፎ የወጣ ጽሑፍ ነው እንግዲህ። ካናዳዊቷ ማይክሮባዮሎጂስት ሮዚ ሬድፊልድ ግን በቀናት ውስጥ ትችቷን በስሟ በኢንተርኔት አወጣች። ጥያቄዎቿ የላብ ሰው ጥያቄዎች ነበሩ፦ ዲኤንኤው በደንብ ታጥቧል ወይ? «ፎስፌት የለበትም» የተባለው ሚዲያ በእርግጥ የለበትም ወይ? ከዚያ ባክቴሪያውን አስልካ ራሷ ሞከረች። በ2012 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ውጤት ዲኤንኤው ውስጥ አርሴኒክ እንዳላገኙ አሳየ። ሳይንስ ጽሑፉን የሰረዘው በ2025 ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የተጠየቀው ግን በሳምንቱ ነበር፣ ያውም ማንም ሳይጋብዛት።

ደረጃ 1፦ መለያ ቁጥር አውጡ

ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ አለ። ነጻ ነው። ስልክ ላይ ይወጣል። የግል ኢሜይላችሁን አስገቡበት፣ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ብቻ ከሆነ ከግቢ ስትወጡ ትቸገራላችሁ። ስማችሁን በእንግሊዝኛ አንዴ ስትጽፉ በኋላም በዚያው ጽፉ። አንድ ቦታ ሦስት ስም፣ ሌላ ቦታ ሁለት እየሆነ ሥራችሁ አይበተን።

ከዚያ ፕሪሪቪው ወደሚባለው መድረክ በኦርኪድ ግቡ። ከ2017 ጀምሮ ያለ ነው፣ የተሠራውም ጀማሪ ተመራማሪዎች ፕሪፕሪንት እንዲገመግሙ ታስቦ ነው። የምትጽፉት ግምገማ ዲኦአይ (ቋሚ የጽሑፍ መለያ) ይወጣለታል። ማለትም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይጠቀሳል።

ደረጃ 2፦ የምትችሉትን ጽሑፍ ምረጡ

የመጀመሪያው ምርጫ ላይ ጉራ አያስፈልግም። ስለ ክሪስፐር (ጂን ማረሚያ ዘዴ) የተጻፈ ባለ 9 ፊገር ጽሑፍ አትምረጡ። ራሳችሁ የሠራችሁበትን ዘዴ የተጠቀመ ጽሑፍ ፈልጉ። ፍለጋውን በዘዴና በቦታ አድርጉት፦ የባክቴሪያው ስም፣ «ዲስክ ዲፊዩዥን»፣ «ኢትዮጵያ» ወይም «ምሥራቅ አፍሪካ»። የተለጠፈበትን ቀን እዩ። ወር ሁለት ወር የሆነው ጥሩ ነው። ዓመት ያለፈው ምናልባት ጆርናል ላይ ወጥቶ ይሆናል፣ ገጹ ላይ ማያያዣው ይታያል። ቨርዥኑንም እዩ፣ ሁለተኛው ቨርዥን ወጥቶ የመጀመሪያውን የገመገመ ሰው በከንቱ ለፋ።

አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከጸሐፊዎቹ ጋር ምን አለኝ? አድቫይዘራችሁ ከነበሩ፣ አብራችሁ ከጻፋችሁ፣ አንድ የምርምር ገንዘብ ላይ ከተፎካከራችሁ፣ ዝምድና ወይም ጠብ ካለ፣ ተዉት። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ ማይክሮባዮሎጂው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። በዓይን ከመተዋወቅ በላይ ምንም ከሌለ ግን መገምገም ትችላላችሁ፣ ትውውቁን ግምገማው ላይ ጻፉት እንጂ አትደብቁት።

ደረጃ 3፦ ከርዕሱ ጀምራችሁ አታንብቡ

ወይም አንብቡት፣ ግን አትመኑት። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ አብስትራክቱን አንድ ጊዜ አንብቡና ዋናውን አባባል በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በአማርኛ ያልኩት በምክንያት ነው። በእንግሊዝኛ ከሆነ የእነሱን ቃላት ትገለብጣላችሁ፣ በአማርኛ ለመጻፍ ግን መረዳት ግድ ነው። ቀጥሎ ፊገሮችንና ሠንጠረዦችን ብቻ እዩ፣ ጽሑፉን ሳታነቡ። ከዚያ ሜቶድ። ከዚያ ሰፕሊመንተሪው (ተጨማሪው ፋይል)፣ ብዙ ጉድ የሚደበቀው እዚያ ነውና። ዲስከሽኑ መጨረሻ ይምጣ። ዲስከሽን ላይ ሁሉም ሰው አንደበተ ርቱዕ ነው።

እንዲገባን አንድ ጥናት እንፍጠር። ፈጠራ ነው፣ ማንንም አይመለከትም። ርዕሱ፦ «የሆስፒታል ፍሳሽ መድኃኒት የለመደ ኢ. ኮላይን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ያስተላልፋል።» አሞራ ገደል ላይ ከ60 ቆሮሶ ዓሣ ናሙና ወስደዋል። ከ12ቱ ላይ ኢኤስቢኤል (ፔኒሲሊንና መሰሎቹን የሚሰብር ኢንዛይም) የሚያመነጭ ኢ. ኮላይ አግኝተዋል። በፒሲአር ሲቲኤክስ-ኤም-15 የተባለው የኢኤስቢኤል ጂን አለ ብለዋል። ከዛሬ 12 ዓመት በፊት ከተሠራ ጥናት ጋር አወዳድረው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋመው ጨምሯል ይላሉ።

አሁን ርዕሱን እንያዘው። «ያስተላልፋል» ይላል። ፍሳሹ ተመርምሯል? አልተመረመረም። ከፍሳሹና ከዓሣው የተገኙት ባክቴሪያዎች በጂኖም ተነጻጽረዋል? የለም። ስለዚህ ጥናቱ የሚያሳየው «ዓሣው ላይ ተገኘ» የሚለውን ነው። ከየት እንደመጣ አያሳይም። ግምገማችሁ ይህን አንድ ነገር ብቻ በትክክል ቢያስቀምጥ እንኳ ሥራውን ሠርቷል።

እናንተ ብቻ የምታውቁት ጥያቄ ደግሞ አለ። ናሙናው የተወሰደው መቼ ነው? አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቀዋል። ዓሣው ከጀልባ ወርዶ እዚያው ዳር ላይ ይታረዳል፣ አንጀቱ ይወጣል፣ አባ ኮዳዎቹ (ትልልቆቹ ወፎች) ከበው ይጠብቃሉ፣ ያው ቢላ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ የሚታጠበውም በሐይቁ ውኃ ነው። ኢ. ኮላይ የዓሣ አንጀት ቋሚ ነዋሪ ተደርጎ አይቆጠርም። ከዓሣ ላይ ከተገኘ ከውኃው፣ ከእጁ፣ ከቢላው ወይም ከመሬቱ ሊሆን ይችላል። ስዋቡ (ናሙና የሚጠረግበት ጥጥ) ቢላው ሳይነካው በፊት ከተወሰደ አንድ ታሪክ ነው፣ ከተከተፈ በኋላ ከሆነ ሌላ። ለንደን ያለ ገምጋሚ ይህን አይጠይቅም። እንዴት ሊያውቅ? እናንተ ካልጠየቃችሁት ማንም አይጠይቀውም።

ደረጃ 4፦ የካልቸርና የዲስክ ሥራውን ፈትሹ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ከኢትዮጵያና ከጎረቤት አገሮች የሚወጡ የመድኃኒት መቋቋም ጥናቶች ብዙዎቹ በዲስክ ዲፊዩዥን የተሠሩ ናቸው፣ ስህተቱም የሚደጋገም ነው። የምትፈልጓቸው እነዚህ ናቸው።

ሚዲያው ሙለር ሂንተን ነው? ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ተብሏል? የባክቴሪያው መጠን 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ነው? ሙቀቱና ሰዓቱስ፣ ለኢ. ኮላይ ዓይነቱ 35 ዲግሪ ገደማ ከ16 እስከ 18 ሰዓት? ይህን ሁሉም ይጽፋል፣ ከሌላ ጽሑፍ ገልብጦም ይጽፋል። የማይገለበጠው የኮንትሮል ውጤት ነው። ኤቲሲሲ 25922 የተባለው መደበኛ ኢ. ኮላይ አብሮ ተሠርቷል ወይ? «ተጠቅመናል» ብቻ አይበቃም። የስንት ሚሊሜትር ዞን ሰጠ? ከሚጠበቀው ክልል ውስጥ ነበር? ዲስክ መንገድ ላይ ሙቀት መትቶት፣ ፍሪጅ ውስጥ መብራት ጠፍቶበት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ኃይሉን ያጣ ዲስክ ደግሞ ዞኑን ያጠብባል፣ መድኃኒቱ የሚሠራለትን ባክቴሪያ «ይቋቋማል» ያስብላል። ይህን የሚያጋልጠው ኮንትሮሉ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዘዴው ለመድኃኒቱ ይሆናል ወይ? ለስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ቫንኮማይሲንን በዲስክ መለካት አይቻልም፣ ኤምአይሲ (ባክቴሪያውን የሚገታው ዝቅተኛ የመድኃኒት መጠን) ያስፈልጋል። «ቫንኮማይሲንን የሚቋቋም ስታፍ በዲስክ አገኘን» የሚል ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ሌላውን ከማንበባችሁ በፊት ይህን ጻፉ። ኮሊስቲንም እንዲሁ ነው፣ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ አጋሩ ውስጥ በደንብ አይሰራጭም፣ የሚመከረው ብሮዝ ማይክሮዳይሉሽን (መድኃኒቱን በፈሳሽ ሚዲያ እያቀጠኑ መለካት) ነው። ኤምአርኤስኤን (ሜቲሲሊንን የሚቋቋም ስታፍ) ለመለየት ደግሞ የሚያስፈልገው ባለ 30 ማይክሮግራም ሴፎክሲቲን ዲስክ ነው፣ የኦክሳሲሊን ዲስክ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ ዞኑ የተነበበው በየትኛው ዓመት ሠንጠረዥ ነው? ሲኤልኤስአይ (የዞን ወሰኖችን የሚያወጣ የአሜሪካ ተቋም) በ2019 ለኢ. ኮላይና ለዘመዶቹ የሲፕሮፍሎክሳሲንን ወሰን ቀይሯል። ድሮ 21 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ «ይሠራለታል» ይባል ነበር፣ 15ና ከዚያ በታች «ይቋቋማል»። አሁን «ይሠራለታል» ለመባል 26 ያስፈልጋል፣ 21ና ከዚያ በታች ሁሉ «ይቋቋማል» ውስጥ ገብቷል። አስቡት። ዞኑ 20 ሚሊሜትር የሆነ ባክቴሪያ በድሮው መካከለኛ ነበር፣ በአዲሱ ተቋቋሚ ነው። 21 የሆነው ደግሞ ከ«ይሠራለታል» በቀጥታ ወደ «ይቋቋማል» ዘሏል። ባክቴሪያው ያው ነው፣ ዞኑም ያው ነው። የተቀየረው ሠንጠረዡ ነው። እንግዲህ የኛ ምናባዊ ጥናት ከ12 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አወዳድሮ «ጨምሯል» ሲል፣ ከጭማሪው ምን ያህሉ የባክቴሪያው፣ ምን ያህሉ የሠንጠረዡ ነው? መፍትሔውም ቀላል ነው፦ የሁሉንም ዞን በሚሊሜትር በሰፕሊመንተሪ አውጡ በሏቸው። ያኔ ማንም ሰው በፈለገው ሠንጠረዥ ያነበዋል።

በነገራችን ላይ መካከለኛውን ከተቋቋሚው ጋር ደምረው አንድ በመቶኛ የሚሰጡ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ደምረው ከሆነ ይናገሩት።

ደረጃ 5፦ የሞለኪውላር ሥራውን ፈትሹ

ጄል ላይ በሚጠበቀው ቦታ ባንድ (የዲኤንኤ መስመር) ታየ ማለት ጂኑ እሱ ነው ማለት አይደለም። የሲቲኤክስ-ኤም ፕራይመሮች (ፒሲአሩ ጂኑን የሚያገኝባቸው አጫጭር ዲኤንኤዎች) ብዙውን ጊዜ ቡድኑን በሙሉ ነው የሚያነሱት። «15 ነው» ለማለት ሴኩዌንስ መደረግ፣ ማለትም የዲኤንኤው ፊደል መነበብ አለበት። ፖዘቲቭ ኮንትሮልና ዲኤንኤ የሌለበት ኮንትሮል ጄሉ ላይ ይታያሉ? የጄሉ ሥዕል ሙሉ ነው ወይስ ተቆራርጧል? ጂን አለ ማለት ደግሞ ጂኑ ይሠራል ማለት አይደለም፣ ከዲስኩ ውጤት ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ባክቴሪያን በ16ኤስ ጂን ብቻ ለይተው ከሆነ ገደቡን አስታውሱ፣ 16ኤስ ኢ. ኮላይን ከሺጌላ አይለይም።

ኪውፒሲአር (መጠን የሚለካ ፒሲአር) ካለ ኤምአይኪውኢ የሚባለውን የ2009 መመሪያ ከጎናችሁ አድርጉ። የማመሳከሪያ ጂኑ ምንድን ነው፣ በዚያ ሁኔታ ውስጥ እንደማይለዋወጥስ ታይቷል? የፕራይመሩ ብቃት ከ90 እስከ 110 በመቶ ነው? የስታንዳርድ ከርቩ ተዳፋት ‑3.32 አካባቢ ከሆነ ብቃቱ 100 በመቶ ነው ማለት ነው። ዴልታ ዴልታ ሲቲ የሚባለው ስሌት ይህን ብቃት አስቀድሞ ስለሚያምን፣ ብቃቱ ሳይለካ «በ1.8 እጥፍ ጨመረ» የሚል ውጤት በአየር ላይ የተንሳፈፈ ነው። ሦስት ጊዜ ደገምን ሲሉ ደግሞ አንዱን አርኤንኤ በሦስት ዌል ነው ወይስ ሦስት የተለያየ ካልቸር? የመጀመሪያው የፒፔታችሁን ትክክለኛነት ይለካል። ስለ ባዮሎጂው የሚነግረን ሁለተኛው ነው።

ጥናቱ የማይክሮባዮም፣ ማለትም ናሙናው ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች በዲኤንኤ የሚዘረዝር ከሆነና ናሙናው ትንሽ ባክቴሪያ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ኪቱ ራሱ ዲኤንኤ ይዞ ይመጣል። ባዶ የኤክስትራክሽን ኮንትሮል አብሮ ሴኩዌንስ ተደርጓል ብላችሁ ጠይቁ። ካልተደረገ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ማን ከናሙናው፣ ማን ከኪቱ እንደሆነ አይታወቅም።

ጂኖም ካለ መረጃው የት ነው? ኤንሲቢአይ (የአሜሪካ የጂን መረጃ ቋት) ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጣችሁ ፈልጉ። ስንቱ ቁጥር ባዶ ገጽ እንደሚከፍት ብታዩ! ጥሬ ፋይሉን ለማውረድ ፓኬጃችሁን አታባክኑ። ጋላክሲ የሚባለው ነጻ መድረክ ፋይሉን ራሱ ከኤንሲቢአይ ጎትቶ እዚያው ይሠራላችኋል፣ የእናንተ ላፕቶፕ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው። የተገጣጠመ የኢ. ኮላይ ጂኖም ግን 5 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በስልክ ኢንተርኔትም ይወርዳል። ሬስፋይንደር ላይ አስገቡት፣ መድኃኒት የሚያስለምዱትን ጂኖች ይዘረዝርላችኋል። ከጽሑፋቸው ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩት። ይህን የሚያደርግ ገምጋሚ ጥቂት ነው፣ የሚፈጀው ግን አንድ ከሰዓት ነው።

ሥዕሎቹን በደንብ አጉልታችሁ እዩ። ማይክሮባዮሎጂስቷ ኤሊዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ 20,621 ጽሑፎችን አይተው በ2016 ባወጡት ጥናት 3.8 በመቶው ችግር ያለበት ፊገር ነበረው፣ አንዱ ባንድ ሌላ ቦታ ተደግሞ የመሳሰለው። ተመሳሳይ ባንድ ካያችሁ «አጭበርብረዋል» እንዳትሉ! ሲያዘጋጁ ተምታቶባቸው ሊሆን ይችላል። «ፊገር 3 ላይ ሁለተኛውና አምስተኛው መስመር ይመሳሰላሉ፣ ያልተቆረጠውን ሥዕል ብታወጡልን» በሉ። በቃ።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩ

እዚህ ሂሳብ ሊቅ መሆን አይጠበቅባችሁም። ከ60 ዓሣ 12 ማለት 20 በመቶ ነው። 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ክልል) ግን ከ12 እስከ 32 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ይህን ካልጻፉ እንዲጽፉ ጠይቁ። 60ዎቹ ዓሦች ከስንት ጀልባ፣ በስንት ቀን መጡ? ሁሉም በአንድ ጠዋት ከሦስት ዓሣ አጥማጅ ከተገዙ 60 ነጻ ናሙና አይደሉም።

ከናሙና መጠን ቀመር የሚወጣውን 384ን የማያውቅ የማስተርስ ተማሪ አገራችን ውስጥ የለም። ያ ቀመር ግን ናሙናው በዕጣ እንደተመረጠ ያስባል። በ384 አስልተው ሲያበቁ ያገኙትን ሁሉ የወሰዱ ከሆነ ቀመሩ ጌጥ ነው፣ በትህትና ንገሯቸው። 20 ነገር አወዳድረው አንዱ ላይ ፒ ከ0.05 ካነሰ ደግሞ እሱ በአጋጣሚም ይመጣል።

ደረጃ 7፦ መጻፍ

ጸሐፊዎቹ እንዲያነቡት በእንግሊዝኛ ትጽፉታላችሁ። ቋንቋው ቀላል ይሁን። መጀመሪያ ጥናቱ ምን እንዳደረገና ምን እንዳገኘ በራሳችሁ ቃል አራት አምስት መስመር ጻፉ። ከዚያ የጠነከረውን ጎን፣ ከልባችሁ የሆነውን ብቻ። ባዶ ሙገሳ ያስታውቃል። ከዚያ ዋና ዋና ነጥቦች፣ ማለትም መደምደሚያውን የሚነኩት። ከሦስት እስከ አምስት ይበቃሉ። ጥቃቅኑ መጨረሻ ይምጣ። የሆሄያት ስህተት መልቀም ግን ግምገማ አይደለም።

«የአሠራር ዘዴው ደካማ ነው» የሚል አስተያየት ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ ቢሆንስ? «ሜቶድ ክፍል ውስጥ ዞኖቹ በየትኛው ዓመት የሲኤልኤስአይ ሠንጠረዥ እንደተነበቡ አልተገለጸም። የሲፕሮፍሎክሳሲን ወሰን በ2019 ስለተቀየረ ከቀድሞው ጥናት ጋር የተደረገው ንጽጽር ሊዛባ ይችላል። የሁለቱን ጥናቶች ዞኖች በአንድ ሠንጠረዥ እንደገና ማንበብ ወይም ይህን ገደብ ዲስከሽኑ ላይ መግለጽ ይቻላል።» የት እንዳለ፣ ለምን ችግር እንደሆነ፣ ምን ቢደረግ እንደሚስተካከል። ሦስቱም አሉ።

የምትጠይቁት የሚቻል ይሁን። የአንድ ጀማሪ ቡድን ጥናት ላይ ሙሉ ጂኖም ሴኩዌንሲንግ ሥሩ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፣ ገንዘቡን ማን ይሰጣቸዋል? ብዙ ጊዜ ርዕሱን ማለዘብ ይበቃል። «ያስተላልፋል» የሚለው «ተገኘ» ቢሆን የኛ ምናባዊ ጥናት ግማሽ ችግሩ ይወገዳል። «ይታተም» ወይም «አይታተም» አትበሉ፣ ያ የኤዲተር ሥራ ነው። ሚዛን ካስፈለጋችሁ የኢላይፍን ቃላት ልመዱ። የማስረጃ ጥንካሬን «አሳማኝ»፣ «ጠንካራ»፣ «ያልተሟላ»፣ «በቂ ያልሆነ» እያሉ ይለያሉ።

እንግሊዝኛውን ለማቃናት ቻትጂፒቲ ብትጠቀሙ ችግር የለውም፣ ተጠቀምኩ በሉ። ግምገማውን ግን አታስጽፉት። ያልተጻፈ ነገር ጽሑፉ ውስጥ አለ ብሎ በድፍረት ይነግራችኋል፣ ስማችሁ ደግሞ ከሥሩ አለ። ጆርናል በምስጢር የላከላችሁን ጽሑፍ ጭራሽ እንዳታስገቡበት፣ እሱ የሕዝብ አይደለም።

ብቻ መጻፍ ከከበዳችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ጻፉ። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ፣ አንድ የታተመ ኮፒ፣ ሦስት ስክሪብቶ፣ ቡና። አንዱ ዲስኩን፣ አንዱ ፒሲአሩን፣ አንዱ ቁጥሩን ይያዝ። ክርክሩ በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በፈለጋችሁት ይሁን። ፕሪሪቪው ላይ የሁላችሁም ስም ሊገባ ይችላል።

ደረጃ 8፦ በስም ወይስ ያለ ስም?

እኛን የሚይዘን ይሉኝታ ነው። «አንቱ» የምንላቸውን ሰው ሥራ በአደባባይ «ይህ አልታየኝም» ማለት ነውር ይመስላል። ነገ ፈታኝ ሆነው ቢመጡስ? ቅጥር ላይ ቢገኙስ? ስጋቱ ተራ አይደለም፣ «ዝም ብላችሁ ፈርሙ» የሚል ምክርም የለኝም። ፕሪሪቪው በብዕር ስም ማውጣትንም ይፈቅዳል፣ ግምገማው ያው ዲኦአይ ይኖረዋል። በእናንተ ላይ ሥልጣን ያለውን ሰው ሥራ ስትገመግሙ በብዕር ስም ብትወጡ ፈሪ አያሰኛችሁም። የማታውቋቸውን ሰዎች ሥራ ግን በስማችሁ ፈርሙ፣ ለሲቪያችሁም የሚቆጠረው እሱ ነው።

አንድ ዘዴ አለ፣ ከስምም በላይ ይሠራል። ስለ ሰዎቹ አትጻፉ። «ደራሲዎቹ ረስተዋል» ሳይሆን «ጽሑፉ ላይ አልተገለጸም»። ጽሑፍ አይከፋውም። ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ጠዋት ስታነቡት ማን ላይ እንደተናደዳችሁ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እሱን ታወጡታላችሁ።

ደረጃ 9፦ መለጠፍና መከታተል

ፕሪሪቪው ላይ የፕሪፕሪንቱን ዲኦአይ አስገብታችሁ ጽሑፉን ለጥፉ፣ የጥቅም ግጭት ካለ ግለጹ፣ አሳትሙ። በሲሲ ባይ ፈቃድ ነው የሚወጣው፣ ማንም ስማችሁን ጠቅሶ ሊጠቀምበት ይችላል። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ላይ አትሥሩ ልል አልችልም፣ ቢያንስ ጽሑፉን መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ እንጂ ቅጹ ላይ በቀጥታ አትጻፉት። ከዚያ ተጠሪ ለሆነው ጸሐፊ አጭር ኢሜይል ላኩ፣ ግምገማውን እንደለጠፋችሁ ከነማያያዣው። ሳያውቅ ከሌላ ሰው መስማት ደስ አይልም።

መልስ ላይመጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ከመጣና እናንተ የተሳሳታችሁበት ነገር ካለ እዚያው ግምገማ ሥር በግልጽ አርሙት። ተቆጥተው ከጻፉ መልሱ አጭር ይሁን፣ ለሁለተኛው ቁጣ ጭራሽ አትመልሱ። ሁለተኛው ቨርዥን ሲወጣ ደግሞ ከድሮው ጋር አስተያዩና የትኛው ጥያቄ እንደተመለሰ፣ የትኛው እንደቀረ ጥቂት መስመር ጨምሩ። ዞኖቹን በሚሊሜትር ካወጡ ሠንጠረዡን አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ የራሳችሁን ውጤት የምታወዳድሩበት ቀን ይመጣል።